መጀመሪያ የጠጋኞቹን ፉርጎ ሥራ

ልጄ፣ ባቡር በእጅህ ልትሠራ መነሳትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ጎንደር ሃዲድ ያልደረሰባት ከተማ ናት። እንዲያም ሆኖ ከሽቦና ከጣሳ መኪና የማይሠራ ልጅ በአራዳም በአዘዞም አላየሁም፤ የአንተም እጅ ከዚያ የመጣ ነውና አምነዋለሁ። አንድ አሳብ ግን ከወዲሁ ላስጥልህ፤ በሎኮሞቲቩ አትጀምር። የምትጀምረው በሃዲድ ጠጋኞች ፉርጎ ይሁን።

ምክንያቱን ልንገርህ። ሎኮሞቲቭ ዓይን ይስባል፤ ሆዱ ግን የተሸፈነ ነው። ምን ከምን እንደሚያያዝ፣ የትኛው ቱቦ ምን እንደሚያመላልስ ሳታውቅ ላዩን ብቻ ትቀዳለህ። ላዩን ብቻ የተቀዳ ነገር ደግሞ የሱቅ መጫወቻ ከመምሰል አያልፍም። የጠጋኞች ፉርጎ ምንም አይደብቅም። ሻንሲው፣ ባሌስትራው፣ ጎማው፣ የወለሉ ጣውላ፣ የመሣሪያ ሣጥኑ፣ የውኃ በርሜሉ ሁሉም በዓይን የሚታይ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ብትጠይቅ መልስ ታገኛለህ። የዚህ ሙያ ቁም ነገሩም እሱ ነው፤ ሥራውን የማታውቀውን ዕቃ በሞዴልህ ላይ አታኑር።

የምንቀዳው የአገራችንን አሮጌ መሥመር ነውና ታሪኩን በአጭሩ ያዝ። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እነግርሃለሁ፤ በፎቶዎችና በአሮጌ ሰነዶች ላይ የምታገኘው በዚያ ነውና። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ ሥራው ለዓመታት ቆሞ ሌላ ኩባንያ ተረከበውና በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ደጋ ይወጣል። በሁለቱ ሃዲዶች መካከል ያለው ስፋት ልክ 1 ሜትር ነው። ይህቺን 1 ሜትር በልብህ ያዛት፤ ኋላ ብዙ ትሠራልሃለች።

ሰው ስለዚህ መሥመር ሲያወራ የንጉሡን ሠረገላ፣ የለገሃርን ጣቢያ፣ የአዋሽን ድልድይ ያነሳል። መሥመሩን ያኖሩት ግን ጠጋኞቹ ናቸው። ሃዲድ ከተነጠፈ በኋላ ዝም ብሎ የሚተኛ ነገር አይደለም። 12 ሜትር የሚረዝም የብረት ሃዲድ በሌሊቱና በቀኑ መካከል የ30 ዲግሪ ልዩነት ካለ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ መልሶም ያጥራል። በዚህ መሃል ቡሎኑ ይላላል። ባቡር ባለፈ ቁጥር ጠጠሩ ይንሸራተታል፤ አንዱ ሃዲድ ዝቅ ሲል ሌላው ከፍ ብሎ ይቀራል። በቆላው ደረቅ ወንዝ ደጋ ላይ በጣለ ዝናብ ድንገት ይሞላና ከሃዲዱ ሥር ያለውን አፈር ጠርጎ ይሄዳል። መተሐራ አጠገብ ደግሞ የበሰቃ ሐይቅ አለ፤ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረ ውኃ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አልፏል፤ የባቡሩንም የመኪናውንም መንገድ ሊውጥ ደርሶ ስለነበር ግርጌው በአፈርና በድንጋይ ከፍ እየተደረገ ነው የቆየው። ያ ሁሉ አፈር፣ ያ ሁሉ ድንጋይ በአንድ ነገር ተጭኖ ነው የሄደው። ያንን ነገር ነው ሥራው የምልህ።

ጠጋኞች የሚሄዱባቸው ተሽከርካሪዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። መሥመር የሚፈትሹበት ትንሹ ባለ ሞተር ድሬዚን አለ፤ ጥቂት ሰውና ጥቂት መሣሪያ ይይዛል። ሃዲድና ድንጋይ የሚጫንበት ጠፍጣፋ ፉርጎ አለ። ለበረሃው ጣቢያዎችና ለሠራተኛው ውኃ የሚያመላልስ ቦቴ አለ። ከቤት ርቀው ለሚሠሩት ማደሪያ የሚሆን አሮጌ የመንገደኛ ፉርጎ አለ። የወደቀ ፉርጎ የሚያነሳ ክሬንም አለ። በብዙ አገር ከእንዲህ ያሉት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ አዲስ ሆነው አይገዙም፤ ለመንገደኛ ወይም ለዕቃ ሲያገለግሉ ኖረው ሲያረጁ ወርክሾፕ ገብተው ይቀየራሉ። መስኮቱ ይደፈናል፣ በሩ ይሰፋል፣ ጣሪያው ላይ የጭስ መውጫ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት አታገኝም። ለአንተ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በሌላው ፉርጎ አንድ በር ብታሳስት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይይዝሃል፤ በዚህኛው ግን የአንተም የአሠራር ብልሃት ቦታ አለው፤ ሥራውን የሚያስረዳ እስከሆነ ድረስ።

«እዚህ ጎንደር ተቀምጬ የባቡር ጠጋኝ ከየት አያለሁ?» ትለኝ ይሆናል። ወደ ደባርቅ ውጣ። ከደባርቅ ወደ ልማሊሞ ቁልቁለት ስትወርድ በጣሊያን ጊዜ ከገደሉ የተፈለፈለውን መንገድ ታያለህ። በክረምት ናዳ የማይወርድበት ጊዜ የለም፤ መንገድ ጠጋኞቹም ከዚያ አይጠፉም። አጠገባቸው ቁጭ በልና ተመልከት። ድጅኖውን የት ያስደግፋሉ? አካፋው በመኪናው ላይ እጀታው ወዴት ሆኖ ይጫናል? የመጠጥ ውኃው በፀሐይ በኩል ነው በጥላ በኩል? ገመድ እንዴት ይጠቀለላል? ቀዩ ባንዲራ ሥራ ሲያልቅ የት ይገባል? የሃዲድ ጠጋኝም የሰው ልጅ ነው፤ መሣሪያ የሚያነሳውም የሚጥለውም በዚያው መንገድ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ልማሊሞ ላይ ያየኸው ነገር አንድ ወር ከምትመለከተው ፎቶ ይበልጣል። ስታይ ደግሞ ዝም ብለህ አትይ፤ ደብተር ያዝና ንደፍ። ስዕልህ አስቀያሚ ቢሆን ግድ የለም፤ እጅህ የነደፈውን ዓይንህ አይረሳውም።

አሁን ወደ ልኬቱ እንግባ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለህ ስማኝ።

ፉርጎውን በአካል ማየት ከቻልክ ሜትሮ ይዘህ ለካ። ካልቻልክ ፎቶ ይበቃሃል፤ ያቺ 1 ሜትር እዚህ ነው የምትሠራው። ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የተነሳ ፎቶ ላይ ሃዲዶቹ ከታዩህ ማስመሪያ ከነፎቶው ተሰጠህ ማለት ነው። በፎቶው ላይ ሃዲድ ከሃዲድ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የፉርጎው ፊት ደግሞ 9 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ፣ እውነተኛው ስፋት 2 ሜትር ከ25 ነው። የምትለካው ሃዲድ ግን ከፉርጎው ፊት ልክ ሥር ያለውን ይሁን። ወደ ካሜራው ቀርቦ የሚታየውን ከለካህ ፉርጎህ ይቀጥንብሃል፤ ራቅ ያለውን ከለካህ ይወፍርብሃል። ራስህ ፎቶ የምታነሳ ከሆነ ደግሞ 1 ሜትር የሚረዝም ዱላ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀይና ነጭ ቀብተህ ከፉርጎው ጎን አስደግፍ፤ ከመሃሉ ትይዩ ቆመህ፣ ራቅ ብለህ አንሳ። በኋላ ያልለካኸው ነገር ሁሉ ከዚያ ዱላ ይወጣልሃል።

መጠኑን በተመለከተ በውጭ አገር ብዙው ሰው የሚሠራው አንድን ነገር 87 ጊዜ አሳንሶ ነው። የኛን ዓይነት የ1 ሜትር ሃዲድ በትልቁ የሚሠሩ ደግሞ 22 ተኩል ጊዜ አሳንሰው በ45 ሚሊ ሜትር ሃዲድ ላይ ያስኬዱታል። የጀርመኑ ሌማን ኩባንያ በዚያ መጠን ማምረት የጀመረው በ1968 ነው። አንተ ግን ከሱቅ የምትገዛው ሃዲድም ጎማም ስለሌለህ በእነሱ ቁጥር የምትታሰርበት ምክንያት የለም። 20 ጊዜ አሳንስ። 1 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሃዲድህ 5 ሳንቲ ሜትር፣ 6 ሜትር የሆነ ፉርጎ 30 ሳንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል። ሒሳቡ በጭንቅላት ይሠራል። ከዚያም በላይ የምታገኛቸው ዕቃዎች ከዚህ መጠን ጋር የተማከሩ ይመስላሉ። የክብሪት እንጨት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በ20 ስታበዛው 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ አግዳሚ ይሆንልሃል። የዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ማለት ነው። ባለ 6 ፌሮ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ዘንግ ይሆናል። ነገሩ በትክክለኛ ውፍረት ሲሠራ ሰው ምክንያቱን ሳያውቀው እውነተኛ ይመስለዋል። ወፍራም ካርቶን ላሜራ ነው ብለህ ብታቀርብለት ግን፣ የፈለግከውን ያህል ቀለም ብትቀባው፣ ዓይን አይታለልም።

ከመቁረጥህ በፊት ፉርጎውን በሞዴሉ ልክ በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ከጎን፣ ከፊትና ከላይ ሥለው። ይህን ሳትጨርስ መቀስ አትንካ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ ሁለት ዘንግ ጠፍጣፋ ፉርጎ ያዝ፤ ዝቅ ያለ የጎን ከለላ፣ በአንድ ጫፍ የመሣሪያ ሣጥን፣ በሌላው የውኃ በርሜል፣ መሃሉ ላይ ለተጫነ ሃዲድና ጠጠር ክፍት ቦታ ያለው። ከሻንሲው ጀምር። ለሻንሲው ደረቅ ጽድ ጥሩ ነው፤ በጭረቱ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍ አትጠቀም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፤ የተጣመመ ሻንሲ ደግሞ ከአራቱ ጎማ አንዱን አየር ላይ ያንጠለጥለዋል። ቁም ጽድ ግን እንዳትነካ፤ በወገራም በስሜንም የቀረው ጥቂት ነው። ከእንጨት ሥራ ቤቶች ቁርጥራጭ ለምን፤ የዋንዛ ቁራጭም ይሰጡሃል፣ ለወለል ጣውላ የሚሆን። ጣውላውን አንድ በአንድ ቁረጥ እንጂ አንድ ሰፊ እንጨት ላይ መሥመር አትጫር። 20 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጣውላ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አንዳንዱን ጣውላ ከሌላው ትንሽ አጥብበው፤ አንዱን ጫፉ ላይ ሰንጥቀው፤ አንዱን አዲስ አድርገህ ተወው። ሃዲድና ድንጋይ የሚጣልበት ወለል ሁሌ የሚሰበረው መሃሉ ላይ ነውና አዲሱ ጣውላ እዚያ ይግባ።

ጎማው ሕፃናቱ ከቆርኪ የሚሠሩት ዓይነት እንዳይሆን። የባቡር ጎማ ከውስጥ በኩል ከሃዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ከንፈር አለው፤ በእውነተኛው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ላንተ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። ቶርኖ ቤት የሚያውቅህ ሰው ካለ ከብረት ያወጣልሃል። ከሌለ ከእንጨት ክብ ቁረጥ፣ ከጣሳ ክዳን ደግሞ በዙሪያው 1 ሚሊ ሜትር ተኩል የሚተርፍ ክብ ቁረጥና ከውስጥ በኩል ለጥፍበት፤ ከንፈሩ ያ ነው። በዘንጉ ላይ ሁለቱ ጎማዎች አንድ ላይ ይዞራሉ፤ እንደ መኪና እያንዳንዱ ለብቻው አይዞርም። ይህንን የሚያሳስቱ ብዙ ናቸው።

ባሌስትራውን ለማወቅ ወደ ድሬዳዋ መሄድ የለብህም። ቅዳሜ ገበያ ዕቃ ከሚያራግፍ አይሱዙ ሥር ጎንበስ በል። የፉርጎውም ባሌስትራ በአሠራሩ ያው ነው፤ ረጅሙ ላይ ሆኖ ሌሎቹ ወደ ታች እያጠሩ የሚደረደሩ የብረት ልሳኖች፣ መሃላቸውን የሚያስር ቀለበት። ከጣሳ ላይ 4 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቁራጭ እየቆረጥክ ደርድርና በመሃሉ በቀጭን ሽቦ እሰረው። ሥሩ የጎማው ዘንግ የሚያርፍበት የቅባት ሣጥን አለ፤ ትንሽ የእንጨት ጥርብ ይሁን፣ ፊቱ ላይ የቆርቆሮ ክዳን። የእጅ ፍሬኑንም አትርሳ። ቁልቁለት ላይ ቆሞ ድንጋይ የሚራገፍበት ፉርጎ ያለ ፍሬን አይታሰብም። የፍሬን መዘውሩን ተከትለህ ዘንጉ ወዴት እንደሚወርድ፣ ምን ስቦ ምን ጎማ ላይ እንደሚጫን እስከ መጨረሻው ሥራ፤ ሰው ሥሩን ገልብጦ ባያየውም እንኳ። ፉርጎ ከፉርጎ የሚጋጠምበትን ግን ከገመትክ ትሳሳታለህ፤ ከፎቶው ብቻ ቅዳ።

ቆርቆሮ ስትሠራ ጣሳውን በጣሳ መክፈቻ ክፈተውና በእንጨት መዶሻ አልፈህ አልፈህ ዘርጋው። ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቆርጣልና በሞረድ ሳታበርደው እጅህን አታስጠጋ። ጣሳ በቀላሉ በሊድ ይጣበቃል፤ ቀለሙን ግን መጀመሪያ ፍቀህ አንሳ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ አታቃጥል፤ የዚንኩ ጭስ ሳንባ ይጎዳል።

የሪቬት ራሶቹን እዚህ ላይ ነው የምታስገባው። አሮጌ ፉርጎ አይበየድም፤ ላሜራው ከላሜራ የሚያያዘው በእሳት ግሎ በሚቀጠቀጥ ሪቬት ነው፤ ራሱም ክብ ሆኖ ወደ ውጭ ይታያል። ቆርቆሮውን ገልብጠህ ከሥሩ የአሮጌ መኪና ጎማ ቁራጭ አድርግ። ጫፉ የደነዘዘ ምስማር ይዘህ፣ በማስመሪያ እየለካህ በየ5 ሚሊ ሜትሩ በትንሽ መዶሻ ኳ አድርግ። ሁሉም ምት እኩል ይሁን። ከፊት ለፊት ገልብጠህ ስታየው ጥራቱ ያስደንቅሃል። አንዱ ከመሥመር ከወጣ ያንን ቁራጭ ጣለውና አዲስ ጀምር፤ የወጣውን ለማረም አትሞክር፤ ይበልጥ ይታያል። ሪቬት የሚያስፈልገው ግን ከላሜራው ጀርባ የሚያዘው አግዳሚ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ጌጥ ይመስል የትም የረጨው ሰው ሥራውን እንዳልገባው ያሳብቅበታል።

ጭነቱን የማንን ሥራ እንደምታሳይ አስበህ ጫን። ጠጋኞቹ ስንት ናቸው? አራት ከሆኑ አራት አካፋ ይሁን እንጂ አሥራ አራት አይደለም። ሃዲድ የሚያነሳ ክሪክ፣ ሁለት ድጅኖ፣ ዶማ፣ ረጅም እጀታ ያለው የቡሎን መፍቻ፣ በጣሳ የቡሎንና የዳዶ ክምችት፣ ፋኖስ፣ ባንዲራ። የቡና ጀበናም አኑርላቸው፤ ሰው ሠርቶ በሚያርፍበት አይጠፋምና። የዚህ መሥመር ሃዲድ የተቀመጠው ከሥሩ አግድም በተጋደሙ የብረት ተሸካሚዎች ላይ ነው፤ ስለዚህ የፉርጎውን ጭነት በእንጨት ተሸካሚ ብትሞላው የሌላ አገር ባቡር ይሆናል። ጠጠሩን ከአንገረብ ዳር ጥቁር ድንጋይ ሰብረህ በወንፊት ንፋ። እውነተኛው ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ያንተ ከ1 ተኩል እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። በወንፊቱ ያለፈውን ዱቄት አትጣል፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ሰዎቹን ለመሥራት ወለቃ ሂድ። ቤተ እስራኤላውያን ሲሠሩት የኖሩት የሸክላ ምስል ጥበብ ዛሬም ከመንገዱ ዳር አለ። እነዚያ እጆች በጣት የምትያዝ ትንሽ ጭቃ ላይ የሰውን ድካም እንዴት እንደሚያሳርፉ ተመልከት። ወገቡ ነው፤ ፊቱ አይደለም። ዶማ ያነሳ ሰው ክብደቱን በኋላ እግሩ ላይ ያሳርፋል። ድጅኖ የሚጭን ሰው ትከሻው ይወርዳል። ሰው ሠርተህ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አታድርገው፤ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሠራተኛ ፎቶ እየተነሳ ነው።

ጽሑፉ ዘመን ይናገራል። ፉርጎህ ላይ የፍራንኮ ኢትዮጵያን ምድር ባቡር ምልክት ካደረግክ ዘመኑ ከ1981 በፊት ነው ማለትህ ነው። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ሆኖ ስሙም ፊደሉም ተቀይሯል። ሁለቱን አታደባልቅ። ከፈለግህ ግን አሮጌው ፊደል በስሱ ከሥር እየታየ አዲሱ ላዩ ላይ የተጻፈበት ፉርጎ ሥራ፤ ለጠጋኞች ፉርጎ አዲስ ቀለም የሚያባክን ብዙ አልነበረም።

አሁን ወደምወደው ደረስን፤ ማስረጀት። ብዙ ጎበዝ ልጅ እዚህ ላይ ሥራውን ያበላሻል፤ ሁሉንም ቡናማ ቀብቶ «አሮጌ ነው» ይላል። እርጅና ቀለም አይደለም፤ ምክንያት አለው። ዝገት የሚጀምረው ቀለሙ የተላጠበት ነው፤ ቀለሙ የሚላጠው ደግሞ ብረት ብረትን በመታበት፣ ጫማ በረገጠበት፣ ሰንሰለት በታሸበት። ስለዚህ መጀመሪያ መርገጫውን፣ የከለላውን ጠርዝና ሃዲድ የሚጫንበትን አፍ አዝገው፤ ዝገቱ በዝናብ ወደ ታች ይወርዳልና በቀጭን ብሩሽ ወደ ታች አስለቅሰው። የፍሬን መዘውሩ ግን አይዝግም፤ የሰው እጅ ሁልጊዜ ይነካዋልና ያብረቀርቃል። የቅባት ሣጥኑ ይጠቁራል፣ አቧራም ይይዛል። ጎማው ሃዲዱን የሚነካበት ጠርዝ እንደ መስተዋት ይነጣል። የመሣሪያ ሣጥኑ ክዳን የሚከፈትበት ቦታ በቅባት እጅ ይጠቁራል። አቧራ በተኛው ላይ ያርፋል እንጂ በቆመው ላይ አይሰነብትም፤ ከጎማው የሚረጨው ብቻ ነው ከጎን ከታች ወደ ላይ የሚወጣው።

ለጣውላው ቀለም አትግዛ። የዛጉ ምስማሮች በኮምጣጤ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ዘፍዝፍ፤ ጠርሙሱን ግን አጥብቀህ አትክደነው፣ አየር ያመነጫል። እንጨቱን መጀመሪያ ወፈር ባለ ሻይ ቀባውና ሲደርቅ ያንን ኮምጣጤ ቀባው። ዓይንህ እያየ እንጨቱ ፀሐይ ሲመታው እንደኖረ ጣውላ አመድማ ይሆናል። አዲስ ያልኩህን ጣውላ ግን ሳትቀባ ተወው። አቧራውን ደግሞ ከነፋኸው የድንጋይ ዱቄትና ከደቀቀ ከሰል አዘጋጅ። የጎንደርን ቀይ አፈር በብዛት አታድርግበት፤ ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ያለው ቆላ አቧራው ፈዘዝ ያለ ነው። ፉርጎህ የደጋ ጭቃ ለብሶ ከቆላ መጣሁ ቢል አይታመንም። ከዚያ በማያብለጨልጭ ቫርኒሽ በስሱ አስይዘው፤ አንድ ቀን አሳድረህ ጠዋት በፀሐይ ተመልከተው። ይበቃል ከማለትህ አንድ እርምጃ ቀድመህ አቁም። አቧራ መጨመር ሁልጊዜ ይቻላል፤ ማንሳት ግን የለም።

ይህን ሁሉ ድካም የምጭንብህ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። በ2016 የተመረቀ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር አለን፤ ሃዲዱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ ከአሮጌው ጋር የማይገጥም። ጥሩ ነገር ነው፤ አገር ወደ ፊት መሄድ አለበት። ነገር ግን አሮጌ መሥመር ሲቆም የጠጋኞቹ ፉርጎዎች ናቸው ቀድመው የሚረሱት። የንጉሡን ሠረገላ የሚጠብቅለት አለ፤ የድሬዳዋውን ትልቅ ወርክሾፕም ሰው ሄዶ ይጎበኘዋል። በር ተቆርጦበት፣ ጭስ መውጫ ተተክሎበት፣ ሰዎች ለሳምንታት ያደሩበትን ፉርጎ ግን ንድፉን የሣለው ሰው መኖሩን አላውቅም፤ ወርክሾፕ ውስጥ በአፍ ታዞ በእጅ ተሠርቷልና። የሚያውቁት ሰዎች ሽማግሌዎች ናቸው። እኔ ወጣት ሆኜ ድሬዳዋ የኖርኩ ጊዜ ፈረንሳይኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀላቅለው ስለ አንድ ቡሎን የሚከራከሩ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ የተረፉትን ብታገኝ ፎቶህን አሳያቸው። «ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ስለ ሎኮሞቲቭ ብትጠይቃቸው የሚነግሩህ በመጽሐፍም አለ፤ የዚያች ቀዳዳ መልስ ግን በእነሱ ዘንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ አደራ አለኝ። ፉርጎው ሲያልቅ ገልብጠው፤ ከወለሉ ሥር በማይለቅ ቀለም ልኬቱን ከየት እንዳመጣህ፣ ከፎቶ ከሆነ ከየትኛው ፎቶ፣ ከሰው ከሆነ ሥራው ምን ከነበረ ሰው፣ ስንት ጊዜ እንዳሳነስክ፣ የትኛው ክፍል በትክክል ተለክቶ የትኛው በግምት እንደተሠራ ጻፍ። ስምህንና ዓመተ ምሕረቱንም ጨምር። ከዚያ የውኃ ቦቴውን ጀምር።